የእትዬ ባዩሽ ቀኝ ትከሻ

እትዬ ባዩሽ ማረፏን የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። የአንድ የከባድ መኪና ሹፌር ጉልበት ላይ የሞቀ ፎጣ እየጠቀለልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። «ከባቲ ነው የምደውለው፤ የባዩሽ የእህት ልጅ ነኝ» አለችኝ አንዲት ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ለቅሶዋን ብቻ ነበር የምሰማው። ትንሽ ስትረጋጋ ጨጓራዋ ደምቶ ነው አለችኝ። ሐኪም ቤት ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች። ለምን እንደደማ ልጅቷ አላወቀችም። እኔ ግን አውቃለሁ። የትከሻ ማስታገሻ ክኒን በባዶ ሆዷ እንደ ቆሎ ስትቆረጥም ዓይኔ አይቷል።

ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን ፎጣ ጨረስኩ። ሹፌሩ «ምነው እህቴ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» ሲለኝ ሰው ሞቶብኝ ነው አልኩት። «ዘመድ?» አለኝ። አይደለችም ማለት አቃተኝ። አዎ ብዬው ፊቴን አዞርኩ።

የምሠራው እዚህ ጅቡቲ ከተማ ሰዉ «ኪኔ» በሚለው ቦታ ነው። መገጣጠሚያው የደረቀበት፣ ጡንቻው የተሸማቀቀበት ሰው በሙቀትና በእንቅስቃሴ የሚታከምበት አንድ ጠባብ ቤት ነው። እኔ ረዳት ነኝ፤ ኢትዮጵያዊ በሽተኛ ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚ። ከዚያ በፊት እንደ ብዙዎቻችን የሰው ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከባዩሽ ጋር የተዋወቅነውም ካርቲየ አንድ በሚሉት ሰፈር ውስጥ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ቤቶች ስንሠራ ነው። እኔ ሰላምታ እንኳ በቅጡ በሶማልኛ የማልችል አዲስ መጤ ነበርኩ። እሷ ግን የሰፈሩን ባለሱቅ ሁሉ በስሙ እየጠራች የምትቆጣ ነባር ሰው ነበረች።

አጭር፣ ደንዳና፣ ሲበዛ ደረቅ ሴት ናት። ፊት ለፊቷ የፈለገው ሥራ ቢከመር «ይሄም ሥራ ሆኖ!» ትላለች። ሁለት ገንዳ ልብስ ቢሆን፣ ለኢድ የሚታረድ በግ ቢሆን፣ መልሷ አንድ ነው። ስትታመም ደግሞ «ለማን ብዬ ነው የማቃስተው?» ትላለች። ይህን አነጋገሯን መጀመሪያ እወድላት ነበር። ኋላ ላይ ስሰማው ደሜ የሚፈላ ሆነ።

ዋና ሥራዋ አዬዮን መንከባከብ ነበር። አዬዮ በሶማልኛ አያት ማለት ነው። የቤቱ እመቤት የማዳም እናት ናቸው፤ ወገባቸውና እግራቸው ከድቷቸው ከአልጋ የማይነሡ ሴት። ማዳም ቢሮ ትውላለች። ባዩሽ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አዬዮን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መታጠቢያ፣ ከመታጠቢያ ወደ አልጋ ስታነሣና ስታስቀምጥ ኖረች። ስታነሣቸው ማየት ነበረብህ። ባዩሽ ጎንበስ ትላለች፤ አዬዮ ሁለት እጃቸውን አንገቷ ላይ ያቆላልፋሉ፣ ራሳቸውን ቀኝ ትከሻዋ ላይ ያስተኛሉ፤ እሷ ቀኝ ክንዷን በብብታቸው ታዞርና ብድግ። «ተርቲብ፣ ተርቲብ» ይላሉ አዬዮ፣ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ሌላ ሰው እንዲነካቸው አይፈልጉም ነበር። አንድ ቀን እኔ ላግዝ ብዬ ብጠጋ እጄን በጥፊ መትተውኛል።

አንድ ነገር እንዳለ መጠርጠር የጀመርኩት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ለእንግዳ ምግብ ላግዛት ሄጄ ሳህን ላወርድ ወደ ላይኛው መደርደሪያ እጄን ብሰድ ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። አንድ የፕላስቲክ አበባ ብቻ ተቀምጦበታል። ሳህኑ፣ ድስቱ፣ የቅመሙ ቆርቆሮ፣ ስኳሩ፣ ሁሉም ወርዶ ከወገብ በታች ተደርድሯል።

«ምነው እትዬ፣ ቤቱ ሰመጠ እንዴ?» አልኳት።

«ማዳም አጭር ናት፤ እንዳትቸገር ብዬ ነው» አለችኝ ዓይኔን ሳታይ።

ማዳም ከሁለታችንም ትረዝማለች።

ከዚያ በኋላ ሳያት ሳያት ሁሉም ነገር ታየኝ። ዕረፍታችን አርብ ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው አርብ ከሰዓት ነበር። የኛ ሴቶች ባዩሽን የሚያደንቁበት አንድ ነገር አለ። ስታማትብ ወገቧ እስኪታጠፍ ጎንበስ ትላለች። «እንደ ባዩሽ በፍርሃት የምታማትብ የለችም» ይላሉ። አንድ አርብ ከጎኗ ቆሜ በደንብ አየኋት። እጇ ከደረቷ በላይ አይወጣም። እጇ ወደ ግንባሯ መሄድ ስላልቻለ ግንባሯን ወደ እጇ እያወረደች ነበር። ከንፈሯን ነክሳ ነው የምታማትበው። ሻሿንም እኔ እንዳስርላት መጠየቅ ከጀመረች ቆይታ ነበር፤ እንዲያው ፍቅር መስሎኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሳንወጣ ያዝኳት። «አሳዪኝ» አልኳት። ያኔ ኪኔው ቤት ከገባሁ ዓመት ሆኖኛል፤ እጄ ትንሽ ለምዷል። መዳፌን ትከሻዋ ላይ አድርጌ ክንዷን ቀስ አድርጌ ባንቀሳቅሰው ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ይንቋቋል። ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አራት ዓመት ይሆነዋል። ይሄም በሽታ ሆኖ!»

ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ስንት ወር ለመንኳት። በመጨረሻ ማዳምን «ጥርሴን ልነቀል ነው» ብላ አስፈቅዳ፣ ጉንጯን በእጇ ደግፋ እያቃሰተች ከቤት ወጣች። ለሌለው የጥርስ ሕመም ስታቃስት ሰፈር ሰማት። ላለው ትከሻዋ አንድም ቀን አላቃሰተች።

ሐኪሙ ሽማግሌ ሰው ናቸው። ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አሳዩን፣ እኔ ከፈረንሳይኛው ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነገርኳት። የክንድ አጥንት አናቱ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ ሁለቱም ላይ እንዳይፋጩ የሚያንሸራትት ለስላሳ ሽፋን አለ። የባዩሽ ሽፋን አልቋል። አጥንት ከአጥንት ይፋጫል፤ ጠርዙ ላይም እንደ እሾህ ትርፍ አጥንት አብቅሏል። አርትሮዝ ይባላል አሉ።

«ሽፋኑ ተመልሶ ይበቅላል ወይ በይልኝ» አለችኝ።

«አይበቅልም። ግን እንዲህ ሆኖ መኖር ይቻላል፣ ካወቁበት» አሉ። ክንዷን አስራ ማስቀመጥ የለባትም፤ ከናካቴው ይደርቃል። በየቀኑ ጎንበስ ብላ ክንዷን አንጠልጥላ በትንሹ ታወዛውዝ፤ ታሙቀው፤ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ቀስ በቀስ ታጠንክር። ክኒኑን ምግብ በልታ፣ ሲብስባት ብቻ፣ ለጥቂት ቀን። መርፌ አለ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ፤ ሕመሙን ያስተኛዋል እንጂ አያድነውም፣ እንደፈለጉም አይደጋገምም። ይህ ሁሉ ካልሆነ መገጣጠሚያውን አውጥተው በብረት የሚተኩበት ቀዶ ሕክምና አለ፤ እሱ ግን እዚህ የለም፣ ወደ ውጭ መሄድ ይጠይቃል። ከዚያ ብዕራቸውን አስቀምጠው ጠየቁኝ። «ሥራዋ ምንድን ነው? ምን ታነሣለች?»

ባዩሽ ክንዴን ጨመደደችው። «ልብስ በያቸው» አለችኝ።

«እትዬ፣ አይሆንም።»

«ሰው ታነሣለች ካልሻቸው ለማዳም ይነግሯታል። ይህች ከተማ እንደሆነች ሁሉም ይተዋወቃል። እኔን ካስወጡኝ አዬዮን ማን ያነሣታል? መጥፎ እጅ ላይ ትወድቃለች። እኔስ የት ነው የምገባው? መኝታዬ እዚያው ቤት ነው። ባቲ የሚጠብቀኝ ቤት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ልብስ በያቸው ነው የምልሽ!»

ሐኪሙ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ። «ልብስ ታነሣለች፤ የታጠበ ልብስ» አልኩ በፈረንሳይኛ። «እንግዲያው በሁለት ትከፋፍለው፣ ከባድ ነገር እንዳታነሣ» ብለው ጻፉ። መርፌውንም ያን ቀን ወጓት። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ እንደዚያች ቀን ግን ቃሌን መልሼ መዋጥ የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

ጥፋቴን ላስተካክል ብዬ የማውቀውን አስተማርኳት። ረጅም ወፍራም ጨርቅ በአዬዮ ወገብ አዙረሽ፣ ሁለቱን ጫፍ በግራና በቀኝ ከወገብሽ አስጠግተሽ ያዢ፤ በትከሻሽ ሳይሆን በእግርሽ ተነሺ አልኳት። ኪኔው ቤት በሽተኛ የምናነሣው እንዲህ ነው። ባዩሽ ጎበዝ ናት፤ በሁለት ቀን ለመደችው። አዬዮ ግን ምርር ብለው አለቀሱ። «እንደ ከረጢት ታስረኛለች! ምን አደረግኳት? ጠላችኝ?» እያሉ። በእኛም ዘንድ ትልቅ ሰው በጨርቅ አስሮ መጎተት ነውር ነው፤ ባዩሽ ቀና ብላ ልታያቸው አፈረች።

ሳምንት ሳይሞላ መርፌው ሠራ። እኛ ሰዎች መቼም መርፌ ካልተወጋን የታከምን አይመስለንም፣ እሷም ዳንኩ ብላ አመነች። አንድ ከሰዓት ኪኔው ቤት ደጃፍ መጣችና «ተመልከቺኝ» አለች። ቀኝ እጇን ቀስ አድርጋ አነሣች፤ ደረቷን አለፈ፣ አገጯን አለፈ፣ ግንባሯ ላይ ደረሰ። ቀጥ ብላ ቆማ አማተበች። እንባዋ በጉንጯ ላይ ዝርግፍ አለ፤ እኔም አብሬያት ተነፋረቅኩ። መርፌው እንደማያድናት፣ ሕመሙን ማስተኛት ብቻ እንደሆነ፣ ያን ሰዓት ደግሜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። ደስታዋን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ጨርቁን ያን ቀን ጣለችው። አዬዮን እንደ ድሮው በእቅፏ ማንሣት ጀመረች። «ደስታዋን ብታዪ! እንደ ሕፃን ተጠመጠመችብኝ» አለችኝ።

ከሦስት ወር በኋላ ሕመሙ ተመለሰ። ሐኪሙ ሌላ መርፌ ገና ነው አሉ። ያኔ ነው በክኒን የተያዘችው። ካርቲየ ሰባት ካሉ ሱቆች በፍሬ እየገዛች በሻሿ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ከማንሣቷ በፊት አንድ፣ ካነሣች በኋላ አንድ። «ምግብ በልተሽ እንጂ!» ስላት «አንቺ ደግሞ እንደ ነርስ አትሁኚብኝ» ትለኛለች። ጨርቁን እንድትመልስ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ሁለት አርብ አኮረፍኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ። አሁን ሳስበው እንኳ እናደድባታለሁ። ለማዳም ልንገራት ብዬ በራቸው ድረስ ሄጄ የተመለስኩበት ቀንም አለ።

ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ረፋድ ላይ፣ ደወለችልኝ። «ነይ» ብቻ ነው ያለችው። ሮጬ ስደርስ ሁለቱም መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ናቸው። ክንዷ መሃል ላይ ከድቷት አዬዮ ከእቅፏ ሲያመልጡ ከሥራቸው ልትነጠፍላቸው ሞክራለች፤ አልደረሰችባቸውም፣ ዳሌያቸው ደፉን መታ። የአዬዮ ፊት አመድ መስሏል። ባዩሽ በግራ እጇ ራሳቸውን ደግፋ በአማርኛ «ይቅር በዪኝ፣ ይቅር በዪኝ» ትላቸዋለች። አዬዮ አማርኛ አያውቁም። ጎረቤት ጠርተን አምቡላንስ አስመጣን።

ማዳም ስትመጣ ባዩሽ «ወለሉ እርጥብ ነበር፤ አዳለጠኝ» አለቻት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ አሁንም ዝም አልኩ። ማዳም አልተቆጣቻትም። እንዲያውም አቅፋት አለቀሰች።

አዬዮ ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኙ። ባዩሽ በየቀኑ ሾርባ ሠርታ ትጠብቃለች፤ ማዳም ሾርባውን ይዛ ትሄዳለች። «እኔንስ መቼ ትወስጂኛለሽ?» ስትላት «ዛሬ ደክሟታል፣ ሌላ ቀን» ትላታለች። ሌላ ቀንም ሌላ ቀን ሆነ። ባዩሽ በሁለተኛው ሳምንት መጠየቋን ተወች። «ልታየኝ አልፈለገችም» አለችኝ ደረጃው ላይ ተቀምጣ። «እኔ እንደጣልኳት ታውቃለች። እርጥብ ወለል እንዳልነበረ እሷ ታውቃለች። ተቀይማኛለች።» እንደዚያ ተሰብራ አይቻት አላውቅም። ይሄም ቅያሜ ሆኖ አላለችም። አዬዮ ኢድ ባለፈ በአራተኛው ቀን ሞቱ።

ለቀስተኛውን ሁሉ ያስተናገደችው እሷ ናት፤ ሻይውን በግራ እጇ እያመላለሰች። ቤቱ ጭር ሲል ማዳምን ተሰናበተችና ወደ ባቲ፣ የእህቷ ልጅ ዘንድ፣ ልትሄድ ተነሣች። ማዳም ቆዪ ብትላትም «የማነሣው ሰው የለኝም» አለቻት። ባቡር ጣቢያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ሻንጣዋን ተሸክሜላት ስንቆም «አንድ ነገር ልለምንሽ» አለችኝ። «ለማዳም እውነቱን ንገሪያት። አሁን ግን አይደለም፤ እኔ ስሞት። በሕይወቴ እያለሁ እንደዚያ አድርጋ እንድታስበኝ አልፈልግም። ግን ሳላስነግር ብቀር ደግሞ ነፍሴ አያርፍም።»

ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት በስልክ ስናወራ በመጨረሻ ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «አዬዮ ይቅር ብላኝ ይሆን?» «ብላሻለች እንጂ» እላታለሁ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ» ብላ ትዘጋዋለች።

እንግዲህ የእህቷ ልጅ በደወለች በሰባተኛው ቀን ከሥራ ወጥቼ ወደ ማዳም ቤት ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ኸምሲን የሚሉት የሚያቃጥል ነፋስ አቧራውን እያነሣ ሰዉ ሁሉ በሩን ዘግቷል። ማዳም ሸምግላለች። ብቻዋን ነበረች። ባዩሽ ማረፏን ነገርኳት፣ ከዚያ ቀሪውን። ትከሻዋን፣ ራጁን፣ ሐኪሙ ያሉትን፣ እኔ ለሐኪሙ የዋሸሁትን፣ የጣለችውን ጨርቅ፣ ደረቁን ወለል። ትጮህብኛለች፣ ከቤት ታስወጣኛለች ብዬ ነው የጠበቅኩት።

«አውቅ ነበር» አለች።

ቀና ብዬ አየኋት።

«እናቴ ነገረችኝ። ስታነሣት ጆሮዋ የባዩሽ ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። አጥንቷ ሲፋጭ እሰማዋለሁ አለችኝ። ይህች ልጅ በእኔ ምክንያት እየተጎዳች ነው፤ ካወቅንባት እንደምታፍር አውቃለሁ፣ ምንም ሳትያት አንድ ሰው ጨምሪላት አለችኝ። እሺ አልኳት። ሥራ በዛብኝ። ከረመዳን በኋላ እፈልጋለሁ አልኳት።»

ነፋሱ መስኮቱን ይደበድባል።

«ከወደቀች በኋላ» አለች ማዳም፣ ድምፅዋ እየቀጠነ፣ «ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ ባዩሽን አምጪልኝ ትለኝ ነበር። በየቀኑ። ክንዷ እንዴት ነው፣ እሷም ወድቃለች፣ ተጎድታ እንደሆነ ጠይቂያት ትለኛለች። እኔ ግን አልወሰድኳትም። ከተገናኙ እናቴ ‹ለልጄ ነግሬያት ነበር› ትላታለች ብዬ ፈራሁ። ባዩሽ ይህን ካወቀች በምን ዓይን ታየኛለች ብዬ ነው። የመጨረሻዋ ቀን እንኳ ስሟን ጠርታ ነው ያረፈችው። ባዩሽ ተቀይማት ነበር? እናቴን ሳታይ በመቅረቷ?»

መቀየምስ አልተቀየመቻቸውም አልኳት። ያለችውን፣ ስትጠይቀኝ የኖረችውን፣ ለሦስት ዓመት በየስልኩ መጨረሻ የሰማሁትን እንዳለ ነገርኳት። ማዳም አፏን በሻሿ ያዘች።

ልነሣ ስል እጄን ያዘችኝ። የሆነ ነገር እንድላት ትፈልጋለች፤ ምናልባት የሚያጽናና። ልላት የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፣ እሱንም አልኳት።

«ማዳም፣ ከስምንት ቀን በፊት ቢነግሩኝ ኖሮ ደውዬ እነግራት ነበር።»